አንጎል የጉበትን የስኳር ምርት እንዴት ያዝዛል? ስለ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በወሎ የእንስሳት ጤናና የእርባታ ትምህርት ለሚከታተሉ ተማሪዎች፣ በየወረዳው ለሚሠሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የበጎቻቸውንና የከብቶቻቸውን ውስጣዊ አሠራር ጠለቅ ብለው ማወቅ ለሚፈልጉ አርቢዎች የተዘጋጀ ነው። የጥያቄዎቹ ማጠንጠኛ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የሚባለው የአንጎል ፔፕታይድ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንስሳው ሳይበላ ቢውል በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከየት ይመጣል?

በአብዛኛው ከጉበት ነው። ጉበት በጥጋብ ጊዜ የተረፈውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ፣ እህል በጎተራ እንደሚቀመጥ፣ ያከማቻል፤ በችግር ጊዜ ደግሞ ይህንኑ እየፈታ ወደ ደም ይለቃል። ክምችቱ ሲመናመን ወይም ገና ከመመናመኑ በፊት፣ ስኳር ካልሆኑ ነገሮች አዲስ ስኳር መሥራት ይጀምራል፤ ለዚህም የሚጠቀመው ከጡንቻ የሚመጣውን ላክቴት፣ ፕሮቲን ሲፈርስ የሚገኙትን አሚኖ አሲዶችና ስብ ሲፈታ የሚለቀቀውን ግሊሰሮል ነው። ይህ አዲስ ስኳር የመሥራት ሂደት ግሉኮኒዮጀነሲስ ይባላል፤ ረሃቡ ሲረዝም ኩላሊትም በዚሁ ሥራ ድርሻ ይኖረዋል።

የሂደቱን አስፈላጊነት ለመረዳት የሰውን አካል መመልከት ይጠቅማል። የአንድ ጎልማሳ ሰው ጉበት የሚይዘው ግላይኮጅን 100 ግራም ገደማ ሲሆን፣ አንጎል ብቻውን በቀን 120 ግራም ገደማ ግሉኮስ (በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ስኳር) ይፈጃል። ስለዚህ ክምችቱ ብቻውን አንድ ሙሉ የጾም ቀን እንኳ አያደርስም፤ ጉበት ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። የሚሠራው ሲያንስ እንስሳው ይዝላል፣ ራሱን ይስታል፤ ሲበዛ ደግሞ ስኳሩ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ጉዳት ያደርሳል። ምርቱን ልኩን አስይዞ የሚያቆየው ቁጥጥር ይህን ያህል የሚያስጨንቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለበግ፣ ለፍየልና ለላምም እንዲሁ ነው?

መሠረቱ አንድ ነው፤ ነገር ግን የሚያመሰኩ እንስሳት አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው፤ ይህም ልዩነት ለወሎ አርቢ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ወይም ውሻ እህል ሲበላ ስታርቹ በአንጀት ተፈጭቶ ወደ ግሉኮስ ይለወጥና በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። በግ ድርቆሽ ወይም የማሽላ አገዳ ስትበላ ግን መኖው በትልቁ ጨጓራ ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይብላላና አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት ወደሚባሉ አሲዶች ይለወጣል። በመሆኑም ግሉኮስ ሆኖ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ እንስሳዋ የሚያስፈልጋትን ስኳር ከሞላ ጎደል በሙሉ ጉበቷ መሥራት ይኖርበታል። በደንብ በምትመገብ እንስሳ ከዚህ ስኳር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚሠራው ከፕሮፒዮኔት ነው።

ከዚህ የተነሳ ነገሩ ከሰው የተገለበጠ ይሆናል። በሰውና በውሻ ጉበት ስኳር መሥራቱን የሚቀንሰው ከምግብ በኋላ ሲሆን፣ በሚያመሰኩ እንስሳት ግን መኖ በበዛ ቁጥር ፕሮፒዮኔት ስለሚበዛ የጉበቱም የስኳር ምርት ይጨምራል። መኖ ሲጠፋ ምርቱ ይወድቃል፤ እንስሳዋም የራሷን ጡንቻና ስብ ማፍረስ ትጀምራለች። የበልጉ ዝናብ በቀረበት ዓመት በደጋማው የወሎ ክፍል በሚያዝያና በግንቦት የሚታየው የከብት መክሳት፣ በከፊልም ቢሆን፣ ጉበት ለአንጎልና ለጽንስ የሚሆን ስኳር ለማግኘት ሲል ጡንቻን እየበላ የሚያሳየው ምልክት ነው።

የደም ስኳር መጠናቸውም ይለያያል። የጎልማሳ በግ የደም ስኳር በአብዛኛው ከ50 እስከ 80 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ የላምም ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የዶሮ ግን ከ200 በላይ ነው። ግመልም፣ ምንም እንኳ ቢያመሰኳም፣ ከበግና ከላም ከፍ ያለ የደም ስኳር አለው። ስለዚህ በባቲ ገበያ ጎን ለጎን የቆሙትን ፍየልና ግመል በአንድ መለኪያ መዳኘት አይገባም።

ፔፕታይድ ማለት ምንድን ነው? ኒውሮፔፕታይድ ዋይስ?

ፔፕታይድ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የሚፈጥሩት ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ በጣም ሲረዝም ፕሮቲን ይባላል። ለምሳሌ ከቆሽት የሚወጣውና የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች አሉት። ኒውሮፔፕታይድ ዋይ 36 አሚኖ አሲዶች ሲኖሩት፣ በ1982 በስዊድን በሚገኘው የካሮሊንስካ ተቋም ካዙሂኮ ታቴሞቶ ከባልደረቦቹ ጋር ከአሳማ አንጎል ለይቶ ያወጣው ነው። በአጥቢ እንስሳት አንጎል ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ፔፕታይዶች አንዱ ሲሆን፣ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚሆነው በተለይ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ግርጌ፣ አርኩዌት ኒውክሊየስ በተባለ ትንሽ ሥፍራ የሚሠራው ነው። በዚያ ያሉት ነርቮች ከኒውሮፔፕታይድ ዋይ ጋር ኤጂአርፒ የተባለ ሌላ ፔፕታይድም ያመርታሉ፤ ሁለቱም ረሃብን ያነሣሣሉ።

አንጎል በስኳር ምርት ላይ ሥልጣን እንዳለው መጀመሪያ እንዴት ታወቀ?

ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክሎድ በርናር በ1849 የጥንቸሎችን አንጎል፣ በተለይም አራተኛው የአንጎል ክፍተት የሚባለውን ሥፍራ ወለል፣ በቀጭን መሣሪያ ሲወጋ በሽንታቸው ውስጥ ስኳር መታየቱን ተመለከተ። ቆሽት ሳይነካ፣ ምግብ ሳይለወጥ፣ አንጎልን በመውጋት ብቻ የደም ስኳር ከፍ አለ ማለት ነው። ይኸው ሊቅ በ1857 ግላይኮጅንን ከጉበት ለይቶ በማውጣት ጉበት ስኳር የሚያከማች ብልት መሆኑን አሳየ።

ይሁን እንጂ በ1921 ኢንሱሊን በካናዳ ቶሮንቶ ከተገኘ በኋላ የተመራማሪዎች ትኩረት ወደ ቆሽት ዞረ፤ የአንጎል ነገር ለብዙ አሥርት ዓመታት ከመድረኩ ጀርባ ቆየ። ኢንሱሊን የሚሊዮኖችን ሕይወት ስላተረፈ መዘንጋቱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ነገር ግን የበርናር ጥያቄ መልሶ የተነሣው ፔፕታይዶችን ከአንጎል ለይቶ ማውጣትና በጣም ጥቂት መጠን መለካት ከተቻለ ወዲህ ነው።

ኒውሮፔፕታይድ ዋይ በጉበት የስኳር ምርት ላይ በትክክል ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ የታወቀው ሥራው ረሃብ ማነሣሣት ነው። በ1984 የታተሙ ጥናቶች ጠግበው የበሉ አይጠ መጎጦች አንጎል ውስጥ ይህ ፔፕታይድ ሲጨመር እንደገና አብዝተው መብላታቸውን አሳዩ። እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ተነሣ፦ እንስሳው ብዙ ስለበላ የደም ስኳሩ ቢለወጥ፣ ለውጡ የምግቡ ነው ወይስ የፔፕታይዱ? ይህን ለመለየት ተመራማሪዎች ምግብ እየከለከሉ፣ ከቀን ወደ ቀን እየተጠነቀቁ መሥራት ነበረባቸው።

ዋናው የመለኪያ ዘዴ እንዲህ ነው። ለእንስሳው በደም ሥር የተወሰነ መጠን ኢንሱሊን ያለማቋረጥ ይሰጠዋል፤ ስኳሩ እንዳይወርድም ግሉኮስ በሌላ መስመር እየተጨመረ የደሙ መጠን በአንድ ልክ ይያዛል። ከዚህ ጋር ምልክት የተደረገበት ግሉኮስ አብሮ ስለሚሰጥ፣ በደም ውስጥ ካለው ስኳር የትኛው ከውጭ የገባ፣ የትኛው ደግሞ ጉበት ራሱ የሠራው እንደሆነ ማስላት ይቻላል። በተለመደው ሁኔታ ኢንሱሊን ሲበዛ ጉበት የስኳር ምርቱን በእጅጉ ይቀንሳል።

በ2004 በኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት በዚህ ዘዴ የተካሄደው በጾሙ አይጦች ላይ ነበር። ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ወደ አንጎላቸው ክፍተት ሲገባ፣ ኢንሱሊን የጉበትን የስኳር ምርት እንደወትሮው ሊገታ አልቻለም፤ ጡንቻና ሌላው አካል ግን ስኳርን መጠቀሙን በኢንሱሊን ትእዛዝ ቀጠለ። ይህን ልዩነት ማስተዋል ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በስህተት «ፔፕታይዱ ስኳር ያስመርታል» ተብሎ ብቻ ይነገራል። ይበልጥ ትክክል የሚሆነው፣ ፔፕታይዱ ጉበት የኢንሱሊንን የማቆሚያ ትእዛዝ እንዳይሰማ ያደርጋል ማለቱ ነው። ኢንሱሊን ከፍ ባላለበት ጊዜ የጉበቱ መነሻ ምርት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከዚህ ያነሰ ነው።

ትእዛዙ ከአንጎል እስከ ጉበት የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

በነርቭ ነው፤ በተለይም ሲምፓቴቲክ በሚባለው፣ አካልን ለድንገተኛ ችግር በሚያዘጋጀው የነርቭ ክፍል። በ2008 በአይጠ መጎጦች ላይ የታተመ ጥናት ወደ ጉበት የሚሄደው ሲምፓቴቲክ ነርቭ አስቀድሞ ሲቆረጥ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ በአንጎል ውስጥ ቢጨመርም በጉበት ላይ የሚያመጣው ውጤት እንደሚጠፋ አሳይቷል። ነርቩ ሲቆረጥ ውጤቱ መጥፋቱ ፔፕታይዱ ራሱ በደም ተጉዞ ጉበት ላይ የሚሠራ አለመሆኑን ያረጋግጣል፤ አንጎል ውስጥ ይነገራል፣ በነርቭ ይላካል፣ ጉበት ላይ ይፈጸማል።

እንስሳው ሲራብ ይህ ሥርዓት ለምን ይነቃል?

በጥጋብ ጊዜ ከስብ ሕዋሳት ሌፕቲን፣ ከቆሽት ደግሞ ኢንሱሊን ወደ አንጎል ይደርሳሉ፤ ሁለቱም የአርኩዌት ነርቮች ኒውሮፔፕታይድ ዋይን እንዲቀንሱ ያደርጋሉ። ሌፕቲን በ1994 በኒውዮርክ በጄፍሪ ፍሪድማን ቤተ ሙከራ ከተገኘ ወዲህ ይህ ግንኙነት ይበልጥ ግልጽ ሆኗል። ስብ ሲያልቅና ኢንሱሊን ሲወርድ ግን የሚገታቸው ስለማይኖር ፔፕታይዱ ከፍ ይላል። እንስሳው ምግብ አጥብቆ ይፈልጋል፣ ሙቀት ማመንጨቱን ይቀንሳል፣ ወሲባዊ ሥርዓቱም ይዳከማል፤ በዚያው ላይ ጉበቱ ስኳር መልቀቁን በቀላሉ እንዳያቆም ይደረጋል። ለተራበ እንስሳ ይህ ሁሉ ትርጉም ያለው ነው፤ ያለው ጥቂት ስኳር ለአንጎል ይቆጠብለታል።

ነገሩ በአይጥ ብቻ የተወሰነ አይደለም። መኖ በተቀነሰባቸው በጎች ሃይፖታላመስ ውስጥ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ከፍ እንደሚል፣ ወደ በግ አንጎል ሲጨመርም መብላትን እንደሚያነሣሣ ታይቷል። በድርቅ የከሳች በግ ለወራት አውራ አለመፈለጓን አርቢው እንደ ግትርነት ሊቆጥረው አይገባም፤ አንጎሏ ለመራባት የሚሆን ጉልበት እንደሌላት አውቆ የወሰነው ነው።

አንጎል የስኳር ምርቱን የሚቀንስበትም መንገድ አለ?

አለ። በአይጠ መጎጦች ሃይፖታላመስ ውስጥ ኢንሱሊን ሲጨመር የጉበት የስኳር ምርት ይቀንሳል፤ በ2005 የታተመ ሥራ ይህ ትእዛዝ ቬገስ በሚባለው ነርቭ እንደሚወርድ፣ የዚህ ነርቭ የጉበት ቅርንጫፍ ሲቆረጥም ውጤቱ እንደሚጠፋ አሳየ። በ2007 ደግሞ የኢንሱሊን መቀበያ (ሕዋሱ የኢንሱሊንን ትእዛዝ የሚቀበልበት ክፍል) ከኤጂአርፒ ነርቮች ብቻ የተነቀለባቸው አይጦች ጉበታቸው ለኢንሱሊን በአግባቡ የማይታዘዝ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ነርቮች ኒውሮፔፕታይድ ዋይንም የሚያመርቱት መሆናቸውን ስናስታውስ፣ አንዱ የነርቭ ቡድን በሁለት ወገን ሚዛን እንደሚይዝ እንረዳለን።

በውሻ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ጥንቃቄ ያስተምራሉ። በውሻ የአንጎል ኢንሱሊን በጉበት ላይ የሚያመጣው ለውጥ የዘገየና የተወሰነ ሲሆን፣ ኢንሱሊን በቀጥታ ጉበቱ ላይ የሚያደርገው ግፊት የበላይነቱን ይይዛል። በአይጥ የታየውን ሁሉ ወደ ሌላ እንስሳ፣ በተለይም ወደሚያመሰኩት፣ እንዳለ ማዛወር ትክክል አይሆንም።

ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ጨርሶ የሌለው እንስሳ ምን ይሆናል?

በ1996 በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሪቻርድ ፓልሚተር ቤተ ሙከራ ይህን ፔፕታይድ እንዳያመርቱ የተደረጉ አይጦች እንደማንኛውም አይጥ በልተው አደጉ። ብዙዎች ተገርመው ነበር። ሆኖም በ2005 ፔፕታይዱን የሚያመርቱት የአርኩዌት ነርቮች ራሳቸው በጎልማሳ አይጦች ላይ ሲጠፉ እንስሳቱ መብላት አቆሙ። ከልጅነት ጀምሮ የጎደለውን አንጎል በሌላ መንገድ ይተካዋል፤ በድንገት የሚጎድለውን ግን መተካት አይችልም የሚለው ማብራሪያ እስካሁን አሳማኝ ሆኖ ይታየኛል።

ከስኳር በሽታ ጋርስ ምን ግንኙነት አለው?

ቆሽታቸው ኢንሱሊን እንዳያመርት የተደረጉ አይጠ መጎጦች ደማቸው በስኳር ተሞልቶ ሳለ ሃይፖታላመሳቸው ውስጥ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ኢንሱሊንና ሌፕቲን ስለጎደሉት አንጎሉ እንስሳው የተራበ ይመስለዋል፤ ጉበቱንም ስኳር እንዲለቅ ይፈቅድለታል። በተጨማሪም ለእነዚህ እንስሳት ሌፕቲን ወደ አንጎላቸው ሲሰጥ፣ ኢንሱሊን ሳይጨመር፣ የደም ስኳራቸው በእጅጉ መውረዱ ታይቷል። ይህ ግን የምርምር ውጤት ነው፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከሐኪሙ ፈቃድ ውጭ መድኃኒቱን እንዲያቆም ምክንያት ሊሆን ፈጽሞ አይችልም።

ፔፕታይዱን የሚገታ መድኃኒት አለ?

ለደም ስኳር ተፈቅዶ በሥራ ላይ የዋለ የለም። ከመቀበያዎቹ አንዱን የሚዘጋ መድኃኒት ለውፍረት በሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ በ2006 የታተመው ውጤት የክብደት ቅነሳው ለሕክምና የሚበቃ እንዳልነበረ አሳይቷል። ፔፕታይዱ በደም ሥሮች፣ በጭንቀትና በመራባት ሥርዓት ላይም ሥራ ስላለው አንዱን ብቻ ነክቶ ሌላውን መተው ከባድ ነው።

የበግ አንጎል መብላት የደም ስኳር ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

በዚህ ፔፕታይድ ምክንያት ምንም አያደርግም። ጨጓራና አንጀት ፔፕታይዱን እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጩታል።

ረጅም መንገድ ተነድቶ ገበያ የደረሰ እንስሳ ስኳሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ ታሟል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚነዳ ፍየል መንገዱ፣ ጥማቱ፣ ግፊያውና የሰው ጫጫታው ሲምፓቴቲክ ነርቮቹን ያነቃቸዋል፤ ከአድሬናል ዕጢም አድሬናሊን ይለቀቃል፤ ጉበትም ግላይኮጅኑን ይፈታል። በዚህ ጊዜ የሚወሰድ ደም ከወትሮው ከፍ ያለ ንባብ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ባለሙያው እንስሳው አርፎ ውኃ ከጠጣ በኋላ ደግሞ ቢለካ ይመረጣል። ለሰው የተሠራው ትንሹ የስኳር መለኪያም በሰው ደም ልክ የተስተካከለ በመሆኑ በበግና በፍየል ላይ ሲውል የሚሰጠው ቁጥር እንደ መነሻ እንጂ እንደ ቁርጥ ውሳኔ መወሰድ የለበትም።

ይህ እውቀት በተግባር ለወሎ አርቢ የሚጠቅመው የት ላይ ነው?

ከሁሉ በላይ መንታ ባረገዘች በግና ፍየል ላይ ነው። እርግዝናቸው 150 ቀን ገደማ ሲሆን፣ ጽንሱ አብዛኛውን ዕድገቱን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው፤ ዋና ምግቡም የእናቲቱ ግሉኮስ ነው። በዚሁ ጊዜ ያደገው ማሕፀን ጨጓራዋን ስለሚያጣብብ ብዙ ጭድ መብላት አትችልም። ስኳሩ ሲያጥር የሰውነቷ ስብ በብዛት እየፈታ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል፤ ጉበቱ በስብ ይዋጣል፣ ኬቶን የሚባሉ ነገሮችም በደሟ ይበዛሉ። አንጎሏ ረሃቡን ቢያውቅም፣ ጉበቷም ስኳር እንዲሠራ ቢታዘዝም፣ ለሥራው የሚሆን ፕሮፒዮኔት ስለሌለ ትእዛዙ ብቻውን አያድናትም።

ምልክቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከመንጋው ትለያለች፣ መኖ ትተዋለች፣ ዓይኗ ያለ ይመስላል ግን አያይም፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ በመጨረሻም ተኝታ መነሣት ያቅታታል። በጣም የከሳችውም ከመጠን በላይ የሰባችውም ለዚህ ችግር ይጋለጣሉ። ስለዚህ ከመውለዷ 6 ሳምንት ቀደም ብሎ ከጭዱና ከድርቆሹ ጋር ፉርሽካ፣ ፋጉሎ ወይም ጥቂት እህል መጨመር ይገባል፤ ጭማሪውም በድንገት ሳይሆን በየጥቂት ቀኑ ቀስ በቀስ መሆን አለበት፤ ብዙ እህል በአንድ ጊዜ ከተሰጣት ጨጓራዋ በአሲድ ይጎዳል። በእነዚያ ሳምንታት ረጅም መንገድ አለመንዳት፣ ያለ መኖ አለማዋልና በዝናብና በብርድ አለማሳደርም ያስፈልጋል። ምልክቱ ከታየ የእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን መጠራት አለበት፤ ገና በእግሯ ቆማ ሳለች ጉበት ወደ ስኳር የሚለውጠው ፕሮፒሊን ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ በአፍ ወይም ግሉኮስ በደም ሥር ቢሰጣት የመትረፍ ዕድሏ ሰፊ ሲሆን፣ ከወደቀች በኋላ ግን በእጅጉ ይጠባል።